የአሥራ ሰባት ቁጥር ዳና

ሰኔ አራት ቀን 2074 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ደጃፍ የተገኙት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የግቢው ባለቤትና የዱር አውሬን ሁሉ የሚቆጥረው የሕያው መዝገብ ዋና ኃላፊ ዶክተር ናሆም ይፍሩ ነው። ሁለተኛዋ ቤቱን ልታሽግ የተላከች የመዝገቡ ሠራተኛ ስትሆን ኤልዳና ትባላለች። ሦስተኛዋ ግራ እግሯን ዘርግታ፣ ጀርባዋን ለግቢው ግንብ ሰጥታ የተቀመጠች አሮጊት ናት። ስሟ ትርንጎ ወልደሰንበት ነው።

በመዝገቡ ላይ ግን በዚያ ሰዓት በዚያ ደጃፍ የተገኙት ሁለት ሰዎችና አርባ ሁለት ቀይ ቀበሮዎች ናቸው ተብሎ ሰፍሯል።

ትርንጎ ወደ መንዙ ተራራ ወደ ጓሳ የወጣችው በሃያ አራት ዓመቷ ነበር። አጥቢ እንስሳትን ተምራ ከዩኒቨርሲቲ በወጣች በወሩ፣ ለስድስት ወር ቀይ ቀበሮ ቁጠሪ ተብላ ተላከች፤ ሃያ ሰባት ዓመት ቆየች። ጓሳ ብርድ ነው። የወረደው ውርጭ እስከ ረፋድ ድረስ ሳሩ ላይ ይቆያል። ቀበሮ የሚጠናው ደግሞ በሆድ ተኝቶ ስለሆነ፣ የትርንጎ ካፖርት በደረቷ በኩል ደርቆ አያውቅም። ቀበሮ ስታይ በደብተር ትጽፋለች፤ ቀበሮ ስታጣ የቀበሮ ዐይነ ምድር ለቅማ በወንፊት ታጥብና ውስጡ ያለውን የአይጥ ጥርስ ትቆጥራለች። የመንዝ ገበሬዎች በዚህ ብዙ ሳቁባት።

«ይቺ ልጅ ተምራ ተምራ አር ለቃሚ ሆነች» ይሉ ነበር።

ከሁሉ የሚስቁት አያ ዘለቀ ነበሩ። የጓሳን ሳር የሚጠብቁት ሽማግሌዎች አለቃ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ሳሩን ሦስት ዓመትም አራት ዓመትም ይዘጉታል፤ ሲደርስ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፤ ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ትርንጎ በዚያ ሥርዓት መሀል ጎለመሰች። በ2047 ከገደል ወድቃ ግራ እግሯ ሲሰበር፣ በቃሬዛ ያወረዷት የሳቁባት ሰዎች ናቸው። እግሯ ሲድንም ማነከሱ አልለቀቃት።

በ2050 አንድ ረዳት ተላከላት። ናሆም የሚባል የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው፤ ጨዋ፣ ፈጣን፣ ብርድ የሚፈራ። «እትዬ ትርንጎ» ይላታል፤ «እርስዎ» ይላታል። ደብተሮቿን ለቅሞ ወደ መዝገቡ ያስገባው እሱ ነበር።

በ2058 አዲስ የአንገት ቀበቶ መጣ። የሚሠራው በሰውነት ሙቀት ነው፤ ቀበሮዋ የት እንደ ረገጠች፣ የት እንዳደረች ለመዝገቡ ይናገራል። ሙያው አንድ ወግ አለው፤ ማንኛውም ቀበቶ አውሬ አንገት ላይ ከመዋሉ በፊት ባለሙያው ራሱ ታጥቆት አንድ ሳምንት ይሄዳል። ሳይሞከር ታስሮ ቢበላሽ፣ ያቺኑ ቀበሮ ሁለተኛ መያዝ ጭንቅ ነውና። ትርንጎም አሥራ ሰባት ቁጥርን በማሰሪያ አስረዝማ ወገቧ ላይ ታጥቃ ሳምንቱን ስትዞርበት ሰነበተች። አንድ ነገር ብቻ ረሳች፤ ከመነሣቷ በፊት «ሙከራ» የሚለውን ምልክት አላደረገችም። በጓሳ የነበሩት ቀበሮዎች አርባ አንድ ናቸው። በሳምንቱ መጨረሻ መዝገቡ አርባ ሁለት አለ።

«ናሆም፣ ይቺን ሰርዛት» አለችው።

«አይሆንም እትዬ። ሬሳ ያልቀረበለት አይሰረዝም ይላል ደንቡ።»

«ታዲያ የኔን ሬሳ ልታቀርብ ነው?»

ሁለቱም ሳቁ። «አንዲት ብትበዛ ማንን ትጎዳለች?» አለ ናሆም። ሌላ ሳምንት ደግሞ፣ «ከላይ ቀበሮዋ ለምን ተኝታ ቀረች እያሉ ጠየቁኝ፤ ሲወጡ ይታጠቋት እንጂ» አላት። ትርንጎም ስትወጣ መታጠቅ ጀመረች። በኋላ ነገሩን ሁሉ ወደ ኋላ ስትቆጥር፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ ያኖረችው እሷው ራሷ ሆና አገኘችው። ይህን ለማንም አልደበቀችም።

በ2060 የእብድ ውሻ በሽታ ጓሳ ገባ። ትርንጎ አርባ አንዱንም አንድ በአንድ አገኘቻቸው፤ አንዳንዱን በአፉ አረፋ ደርቆ፣ አንዳንዱን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተጠቅልሎ። በሽታው እንዳይዛመት ደንቡ እንደሚያዘው በላያቸው ላይ እሳት ለኮሰች፤ ቀበቶዎቹን ለቅማ ለናሆም አስረከበች። መጋቢት ዘጠኝ ቀን 2061 በሕይወቷ አጭሩን ሪፖርት ጻፈች። አንድ መስመር ነበር፤ «በጓሳ በሕይወት ያለ ቀይ ቀበሮ የለም» ይላል።

ሪፖርቱ የደረሰው ናሆም ዘንድ ነው። ናሆም ያን ሰሞን የመዝገቡ ኃላፊ ሊሆን ታጭቶ ነበር። በከተማ ያለ ሰው ሁሉ በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ መዝገቡ የሚያሳየው አንድ አንድ ቀበሮ ነበረው፤ ልጅ ከእንቅልፉ ሲነሣ እናቱን ሳይሆን ቀበሮውን ነበር «እንዴት አደርክ» የሚለው። ናሆም የትርንጎን የሃያ ሰባት ዓመት ደብተር ለማሽን አበላው። በሳምንቱ አርባ አንዱ ቀበሮ እንደ ትናንቱ አይጥ ሲያሳድድ፣ ሲላላስ፣ ሲተኛ በየግድግዳው ታየ። ሬሳ አልቀረበም፤ ተቃጥሏል። ስለዚህ የተሰረዘ የለም። የተሰረዘችው ትርንጎ ናት።

«አንቺ ደክመሻል» አላት፣ ኃላፊ በሆነ በሦስተኛው ቀን። ደብተሮቿን ወሰደባት። ስሟን ከእያንዳንዱ ገጽ ላይ አነሣ። ቀበቶ ቁጥር አሥራ ሰባትም አብሮ ሳጥን ውስጥ የገባ መስሎት ነበር፤ እሷ ግን ታጥቃው ነበር የወጣችው።

መጀመሪያ የታጠቀችው በእልህ ነው። ናሆም አንድ ቀን ግድግዳው ላይ ያያል፣ ያቺ ነጥብ ማን እንደሆነች ይገባዋል፣ እንቅልፍ ያጣል ብላ። በጓሳ ጫፍ ባለችው አሮጌ ጎጆዋ ተቀምጣ እንደ ድሮው ማለዳ ወጣች፣ እንደ ድሮው በስድስት ሰዓት ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቆሎዋን በላች። ናሆም አልገባውም። ሌላው አገር ግን ወደዳት። እያነከሰች በዝግታ ስለምትሄድ፣ ቀን በቀን በቀትር ድንጋይ ላይ ስለምታርፍ፣ «እሜቴ» ብሎ ስም አወጣላት። ናሆም «የቀትር ዕረፍት በቀይ ቀበሮ» የሚል ጥናት ጽፎ ዶክተር ተባለበት። የትርንጎን ምሳ ነው ያጠናው። ቀይ ቀበሮ ከአሥር ዓመት ብዙም አይሻገርም፤ እሜቴ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት በየትምህርት ቤቱ ዳቦ ተቆረሰላት።

በ2066 የዳና ሕግ ወጣ። ሕጉ አጭር ነው። በመዝገቡ ላይ ያለ ቀበሮ በተከታታይ ሦስት ሌሊት ባደረበት ቦታ፣ ዙሪያው አምስት መቶ እርምጃ ለሰው ዝግ ይሆናል። ነዋሪው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይወጣል። አቤቱታ የለውም። ቦታው የሚከፈተው አንድ ዓመት ሙሉ የቀበሮ ዳና ሳይታይበት ሲቀር ነው። በዚያው ሰሞን የጓሳ ሳር በሙሉ ተዘጋ፤ አገሩ ማጭዱን ሰቀለ። ትርንጎ ይህ በሕጉ የመጣ እንጂ በእሷ የመጣ አልመሰላትም ነበር።

በ2071 የሳንባ ምች ያዛት። አያ ዘለቀ በበቅሎ ጭነው ቤታቸው አስገቧት፤ ሦስት ሌሊት አደረች። በአራተኛው ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አሻጊዎች መጡ። አርባ ቤት በአንድ ሰዓት ባዶ ሆነ። እሷን አልነኳትም። ጠባቂዎቹ ማሽኖች ቀበቶውን አይተው ቀበሮ ነች ብለው ዐለፏት።

መንደሩ ከመኪና መንገድ ዳር በቆርቆሮ መጠለያ ሰፈረ። ትርንጎ አያ ዘለቀን እዚያ ሄዳ አገኘቻቸው። ካፖርቷን ገልጣ ወገቧን አሳየቻቸው።

«አያ ዘለቀ፣ መንደሩን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቀበቶውን አዩት። «ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ቀበሮዎቹስ?»

«ካለቁ ዐሥር ዓመት ሆናቸው።»

«እሱንስ መች አጣነው። አይጡ በዝቶ ገብሳችንን ከሥሩ ሲጨርስ ዐውቀናል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ?»

«ማን ጠየቀን?» አሉ አያ ዘለቀ። «የተማሩት አሉ ካሉ፣ እኛ የለም ብለን ከገዛ ዐይናችን ጋር እንጣላ? አሁን አውልቂና ገደል ስደጃት።»

«ሞከርኩ። ዐሥር ቀን አወለቅኋት። መዝገቡ እሜቴ እዚያው ቤትዎ ውስጥ ታማ ተኝታለች አለ። ሌሎቹም ዙሪያዋን ተኙ። በየከተማው ጸሎት ተያዘ። እዚያ እስከተኛች ድረስ መንደሩ አይከፈትም። ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። መልሼ ታጥቄያት ስነሣ አርባ አንዱም አብረውኝ ተነሡ። ደብተሬ ላይ መሪ ካልተነሣ መንጋ አይነሣም ብዬ ጽፌ ነበር። ማሽኑ ያንን ይዞ እሜቴን መሪ አድርጓታል። ወደ ሄድኩበት ይሄዳሉ።»

አያ ዘለቀ ወደ ጓሳ ተራራ ዞሩ። «እኛ ሳሩን የምንዘጋው ልንከፍተው ነው» አሉ። «ዘግቶ የረሳ ሰው ምን ይደረጋል?»

«በሩ ይዘጋበታል» አለች ትርንጎ።

አልቸኮለችም። ናሆም ከደብረ ብርሃን ዳርቻ፣ ከኮረብታ ላይ ቤት እያሠራ ነበር፤ እስኪጨርስ ጠበቀችው። መሠረቱ ሲወጣ፣ ቀበቶውን ለአንድ ቀን ጎጆዋ አኑራ ሄዳ አየችው። ጣሪያው ሲገጠም ሄዳ አየችው። በአምስት መቶ እርምጃ ውስጥ የሌላ ሰው ቤት እንደሌለ በእግሯ ሁለት ጊዜ ለካች። የናሆም እናት ቤቱን መርቀው፣ መጋረጃው ተሰቅሎ፣ ጽጌረዳው ሲያብብ፣ ግንቦት ሃያ ሁለት ቀን 2074 ከጓሳ ወረደች። ስንቋ ቆሎና ውኃ ነበር። ከአንድ ሌሊት በላይ የትም አላደረችም።

ዘጠኝ ቀን ሄደች። አገሩ ሥራ ፈታ። «እሜቴ ወረደች» ተባለ። ቀበሮ በሚያልፍበት መንገድ መኪና ይቆማል፤ አውሬው እንዳይደነግጥ ሰው ቤቱ ገብቶ መጋረጃውን ይዘጋል። ሕጉ ነው። ትርንጎ በባዶ ከተሞች መሀል አነከሰች። በተዘጋው መጋረጃ ጀርባ ሰዉ በግድግዳው ላይ አርባ ሁለት ቀበሮ በደጁ ሲያልፍ እያየ ያለቅሳል፤ በጣርማበር አንዲት ሴት ድምፅዋን ሳትቀንስ «ውይ እግሯን» ስትል ሰማቻት። መጋረጃውን የገለጠ ግን አልነበረም። ሰኔ አንድ ቀን ናሆም ግንብ ሥር ደርሳ ተቀመጠች። ሦስት ሌሊት አደረች።

አሁን በደጃፉ ኤልዳና የእጇን መሣሪያ አየች፣ ቀና ብላ ግንቡን አየች፣ እንደገና መሣሪያዋን አየች።

«ዶክተር፣ መዝገቡ እሜቴ እዚህ ግንብ ሥር ናት ይላል። እኔ ግን የማየው እማማን ነው።»

«የኔ ቢጤ ትሆናለች» አለ ናሆም። ሦስቱን ቀን እሜቴን ሲያይ ከሳሎኑ ግድግዳ ሥር አልተነሣም ነበር፤ ዐይኑ ቀልቷል። «አንቺ ሴትዮ፣ ዝግ ቦታ ነው፣ ተነሺ።»

«ናሆም» አለች ትርንጎ። «ቤትህ ያምራል።»

ድምፅዋን ነው መጀመሪያ ያወቀው። ከዚያ የተዘረጋውን እግር አየ።

«እትዬ ትርንጎ» አለ። ወደ ኤልዳና ዞረ። «መኪናው ውስጥ ጠብቂኝ።»

«አልችልም ዶክተር። ከእንስሳው አጠገብ ማንም ብቻውን አይቀርም ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

ትርንጎ ካፖርቷን ገለጠችለት። ቀበቶው ተልጦ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል። ናሆም ቁጢጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔ ማሽኑ መስሎኝ... ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እርስዎ ነዎት?»

«ምሳዬን ስበላ ዶክተር ሆንክ።»

«ምን ይፈልጋሉ? ይንገሩኝ። ስምዎን እመልሳለሁ። ደብተሮቹን እመልሳለሁ።»

ትርንጎ ከደረት ኪሷ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «አንድ መስመር ጽፌልህ ነበር። ይቺ ልጅ እንድትሰማው ጮክ ብለህ አንብባት። ያን ጊዜ እዚሁ አውልቄ እሰጥሃለሁ። ቀበሮ የለም ካልክ ሕግም የለም፤ ቤትህ ያንተ ነው።»

ናሆም ወረቀቱን ገለጠው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። በዚያች አንድ መስመር ላይ እናቱ የመረቁት ቤት፣ የዶክተርነቱ ወረቀት፣ በየትምህርት ቤቱ የተቆረሰው ዳቦ ሁሉ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ይኼን ካነበብኩ አለቅሁ» አለ።

«ቀበሮዎቹም አልቀዋል።»

«እትዬ፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት ነው እኮ። አይረሱትም?»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አንብብ።»

ኤልዳና ጉሮሮዋን ጠረገች። «ዶክተር፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ማረጋገጫ መጠየቅ ግዴታዬ ነው። እዚህ ግንብ ሥር ያለችው ቁጥር አሥራ ሰባት ናት?»

«መዝገቡ አይሳሳትም» አለ ናሆም፣ ሳይነሣ።

«አዎ ወይም አይደለም ነው የሚለው ቅጹ።»

ናሆም ትርንጎን አየ። በጓሳ ብርድ ጋቢዋን አውልቃ ያለበሰችው ሴት ናት፤ ቀበሮ እንዴት በሆድ ተኝቶ እንደሚጠበቅ ያስተማረችው ሴት ናት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«አዎ» አለ። «ቀበሮዋ ናት።»

ኤልዳና ጻፈችው።

ትርንጎ ለሁለቱም መልስ ተዘጋጅታ ነበር የወረደችው። የትኛውን ትመኝ እንደነበር ግን ያወቀችው ገና አሁን ነው። ቢያነብ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? እንደተናገረችው ታወልቀው ነበር፣ ቃሏ ቃል ነው። ግን ታዝን ነበር።

«አንድ ሰዓት አለህ» አለችው። «ለአያ ዘለቀም የሰጠሃቸው አንድ ሰዓት ነው። እሳቸው ያላቸው አንዲት በቅሎ ነበረች፤ አንተ መኪና አለህ፣ ይበቃሃል። የዝናብ ልብስ ግን አትርሳ። ሰኔ ነው።»

ናሆም ገባ፣ ወጣ። ፍራሽ ጫነ፣ ቴሌቪዥን ረሳ፣ ለቴሌቪዥኑ ተመልሶ ሲገባ ጫማው ወደቀበት። ዝናቡ ካፊያውን ጀመረ። ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩ ታሸገ። ሲሄድ ወደ ግንቡ አልዞረም።

ኤልዳና ግን ዞረች። ከቦርሳዋ ግማሽ ዳቦ አወጣች።

«እማማ፣ ቁርስ በልተዋል?»

«አውሬ መመገብ ክልክል ነው፣ ልጄ።»

ኤልዳና ዳቦውን ሣሩ ላይ አስቀመጠች። «ወደቀብኝ» አለችና ሄደች።

በስድስት ሰዓት ትርንጎ ዳቦውን ከቆሎዋ ጋር በላች። አገሩ ሁሉ በየግድግዳው እሜቴ የቀትር ዕረፍቷን ስታደርግ አየ፤ አርባ አንዱ ዙሪያዋን በአዲሱ ጽጌረዳ መሀል ተኝተዋል።

ዓመቱ ሞላ። በጓሳ የቀበሮ ዳና አልታየም። ሕጉ በገዛ ራሱ ጊዜ ተራራውንም መንደሩንም ከፈተው። አያ ዘለቀ ቀን ቆረጡ፤ አገሩ ማጭዱን ከተሰቀለበት አወረደ። ትርንጎ አልነበረችም። እግሯን ጓሳ ላይ ብታሳርፍ አርባ አንዱ ይከተሏታል፤ ብታወልቅ ካወለቀችበት ይተኛሉ፤ ሰው ያለበት ቦታ ሁሉ ለእሷ ሦስተኛ ሌሊት የለውም። ይህን ሰኔ አራት ቀንም ታውቀው ነበር።

አያ ዘለቀ እሷ ወዳደረችበት መንገድ ዳር በአውቶቡስ መጥተው ከአዲሱ ሳር የተሠራ ጌሳ አመጡላት፤ በዝናብ ጊዜ እረኛ የሚከናነበው ነው።

«ቁመትሽን ገምቼ ነው ያስገመድኩት» አሉ። «ያጥርሻል መሰለኝ።»

ተከናነበችው። ሳሩ ጓሳ ጓሳ ይሸታል። «ልክ ነው አያ» አለች።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ ስትዞሪ የምትኖሪ?»

«እሱ ቤት እስከሠራ።»

ናሆም በዚያ ዓመት በእሷ የተነሣ ሦስት ቤት ለወጠ። አራተኛውን ከናዝሬት ዳር፣ ከሰው ርቆ እንደያዘ ሰኞ ዕለት ወሬው ደረሳት። ማክሰኞ ጠዋት ጌሳዋን ተከናንባ ተነሣች፤ አርባ አንዱም ተከተሏት።